ቶሎ ለሚቆጣ ቆዳ የትኛው ቅባት? በሐኪም ማዘዣ የሚሰጠው ወይስ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው?

በዚህ ወር የቤተሰብ ጤና ዓምዳችን አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እኅታችን ያቀረበችውን ጥያቄ መነሻ አድርገን እንወያያለን።

እኅታችን ፊቷ ላይ ብጉር መውጣት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንዱ ብጉር ሲጠፋ በቦታው ጥቁር ምልክት ይተካል። ቆዳዋ ደግሞ ቶሎ የሚቆጣ በመሆኑ ሳሙና ስትለውጥ እንኳ ያቃጥላታል፣ ያሳክካታል። አሁን በእጇ ሁለት ቅባቶች አሉ። አንደኛው አክስቷ ከአሜሪካ የላከችላት 0.1 በመቶ አዳፓሊን ጄል ሲሆን በዚያ አገር ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ነው። ሁለተኛው ጎረቤቷ ተጠቅማ የተረፋት፣ ሐኪም ያዘዘላት 0.05 በመቶ ትሬቲኖይን ክሬም ነው። ጎረቤቷ «ሐኪም የሚያዘው ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ ያድናል» ትላታለች። አክስቷ ደግሞ «ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ነገር ጉዳት የለውም» ትላለች። እኅታችንም «የትኛውን ልያዝ?» ስትል ትጠይቃለች።

ሁለቱም ምክሮች ከቅን ልብ የመጡ መሆናቸውን አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ጉዳዩን ከሥሩ እንመልከተው።

ሬቲኖይድ ምንድን ነው?

ሬቲኖይዶች ከቫይታሚን ኤ የሚገኙ ወይም በእርሱ አምሳያ የተሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። ብጉር የሚጀምረው የቆዳችን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በሞቱ ሕዋሳትና በወዝ ሲደፈኑ ነው። ሬቲኖይዶች ሕዋሳቱ ተጣብቀው ቀዳዳውን እንዳይደፍኑ ያደርጋሉ፤ የቆዳን መታደስ ያፋጥናሉ፤ ከጊዜ ብዛትም ጥቁር ምልክቶችን ያደበዝዛሉ።

በጥንካሬ ግን አንድ አይደሉም። በመዋቢያ ቅባቶች ውስጥ የሚገባው ሬቲኖል ራሱ አይሠራም። ቆዳችን በሁለት ደረጃ ለውጦ ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ሲያደርሰው ነው ሥራ የሚጀምረው። በመሆኑም ለዘብ ያለ ነው፤ ውጤቱም ቀስ ያለ ነው። ትሬቲኖይን ግን ራሱ ሬቲኖይክ አሲድ ስለሆነ መለወጥ አያስፈልገውም። በአሜሪካ ለብጉር የተፈቀደው በ1971 እ.ኤ.አ. ሲሆን የሚሰጠውም በሐኪም ማዘዣ ነው። አዳፓሊን በቤተ ሙከራ የተሠራ ሲሆን በዚያው አገር በ1996 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። ታዛሮቲን የተባለው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ቆዳን በማስቆጣት የሚታወቅ ነው።

ማዘዣው የሚለየው ምንን ነው?

ብዙዎቻችን ማዘዣ የጥራት ምስክር ይመስለናል። የአዳፓሊን ታሪክ ይህን ያርማል። 0.1 በመቶ የሆነው ጄል ለሃያ ዓመት ያህል በማዘዣ ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብጉር ላለባቸው ሁሉ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደ። 0.3 በመቶ የሆነው ግን በማዘዣ እንዲቆይ ተደረገ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የተለየው ያለ ሐኪም ክትትል ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት መጠን ነው። ስለዚህ ማዘዣ ማለት «ይህን ስትጠቀሚ የሚያይሽ ሰው ያስፈልጋል» ማለት እንጂ «ይህ ይበልጣል» ማለት አይደለም።

ያለ ማዘዣ የሚሸጠውም ቢሆን ጉዳት የለሽ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ በፊት መዋቢያዎች ውስጥ የሚገባው ሬቲኖል ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል።

ታዲያ ለስላሳው ደካማ ነውን? በ1998 እ.ኤ.አ. አምስት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ታትሞ ነበር። በዚያም 0.1 በመቶ አዳፓሊን ጄል ብጉርን በመቀነስ ከ0.025 በመቶ ትሬቲኖይን ጄል ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ሲገኝ፣ ቆዳን በማስቆጣት ግን ያነሰ ነበር።

ለእኛ ቆዳ ለምን ይበልጥ ያሳስባል?

ሬቲኖይድ ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ሁለትና አራት ሳምንታት ቆዳ መድረቁ፣ መላላጡና ማቃጠሉ የተለመደ ነው። ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይህ ቁጣ ቀልቶ ይታይና ይጠፋል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ሳይታይ ቆይቶ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱም ለወራት ይቆያል። እንግዲህ እኅታችን ልታጠፋው የምትፈልገውን ጥቁር ምልክት ያው ያጠፋልኛል ብላ የተቀባችው ቅባት ሊያመጣባት ይችላል ማለት ነው።

የሚከተለው ደግሞ የባሰ ነው። ፊቷ የጠቆረባት ልጅ ከሱቅ «ማቅያ» ክሬም ትገዛለች። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደ ቤታሜታሶንና ክሎቤታሶል ያሉ ብርቱ ስቴሮይዶች ይገኙባቸዋል። ስቴሮይድ ለጥቂት ቀናት ቁጣውን አብርዶ ፊትን ያጠራል፤ ሲቆይ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ አዲስ ብጉር ያወጣል፣ ሲተውም ፊት ከበፊቱ ብሶ ይቃጠላል። በምናስተምርባቸው ክፍሎች በዚህ መንገድ ፊታቸው ተጎድቶ ከወንበራቸው ቀና ለማለት የሚያፍሩ ልጆችን አይተናል። ስለዚህ የእኅታችን ጥያቄ የቁንጅና ጥያቄ ብቻ ነው ብለን አንንቀው።

ከዚህ የምንደርስበት ቁም ነገር አንድ ነው። ቶሎ ለሚቆጣ ቆዳ የሚበጀው ቅባት በጥንካሬው የሚበልጠው ሳይሆን ቆዳዋ ችሎት ሳይቋረጥ ሦስት ወር ልትቀባው የምትችለው ነው። በሳምንቱ አቃጥሎ የሚጣል ጠንካራ መድኃኒት ከለስላሳው ያነሰ ነው።

አጠቃቀሙስ?

አንደኛ፣ ጊዜው ሌሊት ይሁን። ትሬቲኖይን በብርሃን የሚበላሽ መድኃኒት ነው። አዳፓሊን ብርሃንን ይቋቋማል፤ ቢሆንም ሁለቱም ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉ። የሚመቸው ሰዓት ከዒሻእ ሶላት በኋላ ነው። ከውዱእ በኋላ ፊት በደንብ እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ይጠበቅ፤ እርጥብ ቆዳ መድኃኒቱን አብዝቶ ስለሚስብ ያቃጥላል። ለሱብሒ ሲነሡ በውኃ መታጠብ በቂ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ለሚያደርግ ሰው በየጊዜው ሳሙና መጠቀም ቆዳን ያደርቃል፤ ለስላሳ ሳሙና በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ለመላው ፊት ትበቃለች። በብጉሩ ላይ ብቻ መለጠፍ ወይም አብዝቶ መቀባት ፈውስን አያፋጥንም። ዓይን፣ ከንፈርና የአፍንጫ ጠርዝ ይተዉ።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ በሦስት ሌሊት አንዴ፣ ቆዳው ከቻለ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት እየዘለሉ፣ ከዚያም በየሌሊቱ። ከቅባቱ በፊትና በኋላ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቢቀባ ቁጣው ይቀንሳል። ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይቀር።

አራተኛ፣ ትዕግሥት። ለውጥ የሚታየው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ወር ብጉሩ ትንሽ የበዛ ሊመስል ይችላል። በመሆኑም ለሠርግ ወይም ለዒድ ሁለት ሳምንት ሲቀር የሚጀመር መድኃኒት አይደለም። የሚጠቀሙ እኅቶችም የፊት ፀጉር በሰም ከማስነቀል ይቆጠቡ፤ ቆዳው አብሮ ሊላጥ ይችላል።

የማይነካበት ጊዜ

ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች እኅት ሬቲኖይድ አትጀምር፤ እየተጠቀመች ከፀነሰችም አቁማ ሐኪሟን ታማክር። በአፍ የሚወሰደው አይሶትሬቲኖይን በጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ የታወቀ ነው። ታዛሮቲንም በእርግዝና የተከለከለ ነው። የሚቀቡት ትሬቲኖይንና አዳፓሊን ወደ ደም የሚገቡት በጥቂቱ ቢሆንም ለጥንቃቄ ይተዋሉ። አዲስ ሙሽሮች ይህን ልብ ይበሉ። በእርግዝና ጊዜ ሐኪም ሊያዝ የሚችለው እንደ አዜላይክ አሲድ ያለ አማራጭ አለ፤ ይህም ጥቁር ምልክትን በማደብዘዝ ይረዳል።

ችፌ ያለበት፣ የቆሰለ ወይም ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳም እስኪድን ድረስ አይነካ።

ለእኅታችን

የጎረቤትሽን ቅባት መልሺላት። መጠኑ ለእርሷ ቆዳ የተመረጠ ነው፤ ለአንቺ ያየልሽ ሐኪም የለም። አክስትሽ የላከችልሽን ጄል ስሙ፣ መጠኑና የአገልግሎት ጊዜው በግልጽ የተጻፈ ከሆነ፣ ችፌም ከሌለብሽ፣ ከላይ ባልነው መሠረት በዝግታ ልትሞክሪው ትችያለሽ። በመጀመሪያ ለጥቂት ሌሊቶች ከመንጋጋሽ ሥር በትንሽ ቦታ ላይ ፈትኚው። መጠነኛ ድርቀት ከመጣ ሌሊቶቹን አራርቂ። የሚያብጥ፣ ውኃ የሚቋጥር ወይም ቀኑን ሙሉ የሚያቃጥል ከሆነ ግን አቁሚ።

አሥራ ሁለት ሳምንት ተጠቅመሽ ለውጥ ካጣሽ፣ ብጉሩ በጥልቀት የሚያብጥና የሚያም ከሆነ ወይም ጎድጓዳ ጠባሳ መተው ከጀመረ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ይገባሻል። በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ በወሎ ደግሞ በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣሉ። ማዘዣ ዋጋ የሚኖረውም ያን ጊዜ ነው፤ ሐኪሙ ቆዳሽን አይቶ መጠኑን ይመርጣል፣ ከወር በኋላም መልሶ ያይሻል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። «ብጉር የዕድሜ ነው፣ ይተዋል» ብላችሁ አትለፉት። ልጆቻችሁ ከመስተዋት ፊት ብቻቸውን ሲጨነቁ መፍትሔውን ከሱቅ ይፈልጋሉ። የምትቀባውን ዕቃ ጠይቃችሁ በላዩ የተጻፈውን አብራችሁ አንብቡ። ስም የሌለው ብልቃጥ ካገኛችሁም ከቤት አስወጡት።