ለአሮጌ መኪና አሮጌ ታርጋው

ሎስ አንጀለስ የምነዳት ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት ናት። ታርጋዋ ጥቁር፣ ቁጥሩ ቢጫ፤ ካሊፎርኒያ ከ1963 ጀምሮ ትሰጠው የነበረው ነው። የብሎኖቹን ዙሪያ ዝገት በልቶታል፣ አንዱ ጠርዝ ጎብጧል። ቀለም ቀቢው «ላድሰው?» ቢለኝም እምቢ አልኩ።

የግዛቲቱ ሕግ መኪናው በተሠራበት ዓመት የወጣውን ትክክለኛ ታርጋ አስመዝግቦ መጠቀምን ይፈቅዳል። ደግ ሕግ ነው! ከ2015 ወዲህ በዚያው ቀለም አዲስ ታርጋ ታትሞ ለዘመናዊ መኪናም ይሰጣል፤ ያ ግን መልኩን እንጂ ዕድሜውን አይሰጥም።

አዲስ አበባም ዛሬ ድረስ የሚሽከረከሩ ቮልስዋገኖችና ፊያት 600ዎች አሉ። ታርጋ ሲቀየር የእነሱ አይነጠቅ። ቁጥሩ በመዝገብ ይያዝ፤ ትራፊክ ፖሊስ አጥርቶ ማንበብ እስከቻለ ድረስ ቆርቆሮው እዚያው መኪናው ላይ ይቆይ።