ሰውነታችንን እንወቅ፦ አንጎላችን በምን ይጠበቃል?

ባለፈው ሳምንት በማታው ክፍል «አንጎል» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሁሉም አነበበ። ከዚያ አንዲት እናት ከኋላ ሆነው፣ «አስተማሪ፣ የበግ ጭንቅላት ስንፈልጥ አንጎሉ ልፍስፍስ ነው። ታዲያ ሰው ስንት ጊዜ ወድቆ ሲነሳ እንዴት አይፈርስም?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ለዚህ ጽሑፍ አሳደርኩት።

የበግ ጭንቅላት የፈለጠ ሰው የመልሱን ግማሽ አይቶታል። መጀመሪያ አጥንቱ አለ። አጥንቱ ሲከፈት ጠንካራ፣ ነጣ ያለ ሽፋን ይገኛል። ከሥሩ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ሁለተኛ ሽፋን አለ። ሦስተኛው ከሁሉም ስስ ነው፤ አንጎሉ ላይ ተለጥፎ እጥፋቱን ሁሉ ተከትሎ ይገባል። የእኛም እንዲሁ ነው። ሦስቱ ሽፋኖች በአከርካሪያችን ውስጥ የሚወርደውን ህብለ ሰረሰርም ይሸፍናሉ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሽፋን መካከል እንደ ምንጭ የጠራ ውሃ አለ። በአዋቂ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ሁለት የቡና ሲኒ ቢሆን ነው። ሰውነት በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል አዲስ ይሠራል፤ አሮጌው ወደ ደም ይመለሳል። አንጎል በዚህ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል። ከወንዝ ድንጋይ ያወጣ ሰው ያውቃል፤ ውሃ ውስጥ ሳለ ይቀላል፣ ሲወጣ ይከብዳል። 1400 ግራም የሚመዝን አንጎልም በውሃው ውስጥ 50 ግራም ያህል ብቻ ይከብዳል። ስንደናቀፍ ውሃው ግጭቱን ያበርደዋል። ከዛፍ መውደቅ ግን ሌላ ነው፤ ያንን ውሃው አይችለውም።

በዓይን የማይታይ ጠባቂም አለ። የአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳቸው ክፍተት የለውም። ፖል ኤርሊክ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1885 እ.ኤ.አ. የእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ቢጨምር ሌላው አካል ተቀለመ፤ አንጎሉ ግን እንዳለ ቀረ። ግድግዳው ስኳርንና አየርን ያሳልፋል፤ ብዙ መርዝና ብዙ ተሕዋስያንን ይከለክላል። አረቄን ግን አይከለክልም። ለዚህ ነው እኮ የሚያሰክረው!

አንዳንድ ተሕዋስ ይህን ሁሉ አልፎ ሽፋኖቹን ያሳብጣል። በሽታውን ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን፤ ማጅራት ገትር ነው። ማጅራትን ስለሚገትር ነው ስሙ የወጣለት። በአገራችን በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. በወረርሽኝ ተነስቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ይዟል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ «ኤ» ለሚባለው ዓይነት ክትባት በዘመቻ ተሰጥቷል፤ ሌሎቹ ዓይነቶች ግን አሁንም አሉ። በተለይ በደረቁ የበጋ ወራት ይነሳሉ። በሽተኛው ያተኩሰዋል፣ ራሱን በኃይል ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ብርሃን ያስጠላዋል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ማጠፍ ያቅተዋል። ሕፃን ከሆነ ጡት እምቢ ይላል፤ እርግብግቢቱም ሊያብጥ ይችላል። ነገ ይሻለው ይሆናል ተብሎ አይታደርም። ካልታከመ ከሁለት ሰው አንዱን ሊገድል ይችላል፤ የተረፈውንም ሊያደነቁር ይችላል።

እኚያው እናት ሌላም ነገር ነግረውኛል። የጎረቤታቸው ልጅ ሲታመም ሐኪሙ ከወገቡ ውሃ ልቅዳ ቢል ዘመድ «ሽባ ታደርገዋለህ» ብሎ ከለከለ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ መርፌ አከርካሪ ላይ ሲገባ ማን አይፈራም? ነገር ግን ህብለ ሰረሰሩ የሚያበቃው መርፌው ከሚገባበት ቦታ በላይ ነው። እዚያ ያለው ውሃውና እንደ ክር የተበተኑ ነርቮች ናቸው፤ ነርቮቹም ከመርፌው ሸሸት ይላሉ። የሚወሰደው ጥቂት ጠብታ ነው፤ ሰውነት ቶሎ ይተካዋል። ውሃው እንደ ምንጭ ከጠራ ደህና ምልክት ነው። ከደፈረሰ ሐኪሙ የትኛው ተሕዋስ እንደገባና የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው ከዚያ ያገኛል።

ለሚመጣው ሳምንት «ማጅራት»፣ «አከርካሪ» እና «እርግብግቢት» የሚሉትን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጽፋችሁ ኑ።