የሞተ ህዋስ ለሕያው አይመሰክርም

እ.ኤ.አ. በ1990 ዣክሊን ባርተን፣ በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆኑት ዣን ፒየር ሶቫዥና ባልደረቦቻቸው አንድ የሩተኒየም ውህድ ይፋ አደረጉ። ውህዱ ውሃ ውስጥ አይፈካም፤ በዲ ኤን ኤ ድርብ ክር መካከል ሲሰካ ግን ልክ ማብሪያ እንደተጫነ አምፖል ቦግ ይላል። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዓይነት ብረት ያዘሉ ውህዶች በሕያው ህዋስ ውስጥ ያለውን አር ኤን ኤ ለማየትም ተሞክረዋል። ተስፋው እውነተኛ ነው። የተለመዱ ማቅለሚያዎች ብርሃን በጥቂት ናኖሰከንድ ሲከስም፣ የሩተኒየም ብርሃን በመቶዎች የሚቆጠር ናኖሰከንድ ይቆያል፤ የህዋሱ የራሱ ፍካት እስኪጠፋ ጠብቆ ምስል ማንሳት ይቻላል።

ይሁንና አር ኤን ኤ የሚበዛበት የህዋሱ ክፍል፣ ኒውክሊዮለስ፣ ስለፈካ ብቻ «አር ኤን ኤ አየን» ማለትን ይህ ዝግጅት ክፍል አይቀበልም።

ውህዱ አዎንታዊ ሙል ስላለው አሉታዊ ሙል ወዳለው ኑክሊክ አሲድ ይሳባል፤ ዲ ኤን ኤውን ከአር ኤን ኤው አጥርቶ የሚለየው ከስንት አንዴ ነው። ለመለየት የሚደረገው ፈተና የታወቀ ነው፦ አር ኤን ኤን ብቻ የሚበላ ኢንዛይም ሲጨመር ፍካቱ መጥፋት፣ ዲ ኤን ኤን ብቻ የሚበላው ሲጨመር ደግሞ መቆየት አለበት። ነገር ግን ኢንዛይሙ እንዲገባ ህዋሱ አብዛኛውን ጊዜ በሜታኖል ወይም በመሰል ኬሚካል ይገደላል፣ ሽፋኑም ይከፈታል። የሞተ ህዋስ በር ጠባቂ የለውም፤ ውህዱ በሕይወት ሳለ በማይደርስበት ስፍራ ሁሉ ይደርሳል። እንዲህ የተገኘው ማስረጃ ነው እንግዲህ «በሕያው ህዋስ» በሚል ርዕስ ሥር የሚቀርበው።

የባሰም አለ። ብዙዎቹ የሩተኒየም ውህዶች ብርሃን ሲያርፍባቸው ኦክስጅንን ወደ ጎጂ መልክ ይለውጣሉ፤ በካንሰር ሕክምና የተፈለጉትም ለዚሁ ጠባያቸው ነው። በህዋሱ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ታስሮ የነበረ ውህድ፣ ምስል ለማንሳት የሚበራው ሌዘር ከረጢቶቹን ሲያፈርሳቸው ወጥቶ ኒውክሊዮለስን ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ያን ጊዜ የተነሳው ፎቶ የሚሞት ህዋስ ፎቶ ነው።

ገምጋሚዎችና የመጽሔት አዘጋጆች ሆይ፣ ያልተገደለ ህዋስ ምስል ጠይቁ፤ በጨለማ የቆየ ማነጻጸሪያ ጠይቁ፤ ምስሉ በተነሳ ማግስት ህዋሱ መከፋፈል መቀጠሉን ጠይቁ። ይህን ያላሟላ ሥራ የኑክሊክ አሲድ ማቅለሚያ ይባል እንጂ የሕያው አር ኤን ኤ ጠቋሚ አይባል።