«ልጄ ጌም ላይ ነው» ላሉኝ እናት



ሰሞኑን እዚሁ ካኩማ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ ከስልኩ አልነቀል አለ። ቀን ጌም፣ ማታ ጌም። አንተን ይሰማሃልና እባክህ ምከርልኝ» አሉኝ። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ስልኩን የላከችለት ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ አክስቱ ናት። መልስ ከመስጠቴ በፊት ሳቄ መጣ። የእኔም እናት ለጎረቤቱ ሁሉ ይህንኑ ስታወራ ነው ያደግሁት።

አዲስ አበባ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ጠባብ ኢንተርኔት ቤት ነበረች። ስድስት ኮምፒውተር በገመድ ተያይዞ ካውንተር ስትራይክ እንጫወትባት ነበር። ለዳቦ የተሰጠኝ ብር ስንቴ እዚያ ቀልጧል! እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ስትቆም ያየ ልጅ ቀድሞ ስሜን ይጠራልኛል፤ እኔም በጓሮ እሾልካለሁ።

ብዙ ቆይቶ ነው ያን ጨዋታ ማን እንደሠራው ያነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1999 ሚን ሌ እና ጄስ ክሊፍ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ሃፍ ላይፍ የተባለውን ጨዋታ በትርፍ ጊዜያቸው ለውጠው በነጻ ለቀቁት። ብዙም ሳይቆይ የሃፍ ላይፍ ባለቤት የሆነው ቫልቭ ጨዋታውን ገዝቶ ልጆቹን ቀጠራቸው። ያ ሁሉ የጀመረው እንደኛው በተጫዋቾች ነው ማለት ነው። ይህን ሳነብ «እኔስ?» አልኩ።

አገሬን ለቅቄ እዚህ ከገባሁ በኋላ ሉዋንቲን አገኘሁት፤ ድሮ ማይንቴስት ይባል የነበረው ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ይሠራል፣ በአንድሮይድ ስልክም ይከፈታል። ሉዋ በምትባል ቀለል ያለች የኮድ ቋንቋ የፈለግኸውን ትጨምርበታለህ። እኔ መጀመሪያ የጨመርኩት ቢጫ ጀሪካን ነው። ጀሪካኑን ከቧንቧ ትሞላለህ፣ ተሸክመህ ስትሄድ ፍጥነትህ ይቀንሳል። እዚህ ሰልፍ የቆመ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ሥራዬን ሳካፍል አይቼው የማላውቀው ሰው «ይህ መስመር ስህተት ነው፤ እንዲህ ብታደርገው ይሻላል» ብሎ መለሰልኝ። ሦስት ጊዜ አስተካክዬ ነው የሠራልኝ። የራሽን ካርድ ቁጥሬን፣ ዜግነቴን፣ የመጣሁበትን ምክንያት የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። የጠየቁኝ ኮዱ ይሠራ እንደሆነ ብቻ ነው። ስደተኛ የሆነ ሰው ይህ ምን ያህል እረፍት እንደሆነ ያውቃል።

ሉዋል ማየንን ብዙዎቻችሁ ትሰሙ ይሆናል። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ያደገው ሰሜን ኡጋንዳ መጠለያ ውስጥ ነው። እናቱ ልብስ እየሰፉ በሦስት ዓመት 300 ዶላር አጠራቅመው ላፕቶፕ ገዙለት። ባትሪውን ለመሙላት ሦስት ሰዓት በእግሩ ይሄድ ነበር። ራሱን አስተምሮ «ሰላም» የተባለውን ስለ ስደትና ስለ ሰላም የሚያወራ ጨዋታ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም ዘ ጌም አዋርድስ ላይ ተሸለመ። እናቱ ያን ገንዘብ ሲያጠራቅሙ «ልጁ ጌም ላይ ነው» ያላቸው ጎረቤት አይጠፋም ብዬ አስባለሁ።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «በጎ ፈቃደኛ» የሚለው ቃል ለእኛ የመረረ ቃል ነው። ከዜጋው እኩል የሙሉ ቀን ሥራ ሠርተን፣ ደመወዝ ሳይሆን «ኢንሴንቲቭ» ተብሎ ትንሽ ነገር ሲሰጠን ኖረናል። ስለዚህ በነጻ ሥሩ ብዬ ልስበክ አልመጣሁም። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በሠራሁት ላይ ስሜ ይጻፋል? ስደክም ማቆም የምችለው እኔ ነኝ? ነገ ወደ ሌላ አገር ብሄድ ሥራዬን ይዤ እሄዳለሁ? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ፈቃዱ የእናንተ ነው። ካልሆኑ ግን ያ ሌላ ሰው ጉልበታችሁን የሚጠቀምበት መንገድ ነው።

እኔ ከጀሪካኑ አንድ ሳንቲም አላገኘሁም። ሪሴትልመንቴንም አላፈጠነልኝም። ያተረፍኩት ስሜ ያለበት ሥራና በአንድ ላፕቶፕ ተራ እየያዙ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ የሚማሩ አራት ልጆች ናቸው።

ለእናትየው ያልኩት ይህን ነው፦ «እናቴ፣ መጀመሪያ የሚጫወተውን እዩለት። ትንሽ አውሮፕላን እያሳየ ብር የሚያስይዘው ዓይነት ከሆነ ጌም ሳይሆን ቁማር ነውና ዛሬውኑ ያስቁሙት። ጌም ከሆነ ግን ለትምህርቱና ለእንቅልፉ ሰዓት ይወስኑለትና አጠገቡ ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ አንተ ብትሠራው ኖሮ ምን ትቀይርበት ነበር?»

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። «ኧረ ልጄ፣ ጠይቄው እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛኝም!» አሉ። በዚህ ቅዳሜ አምስተኛው ተማሪ ይመጣል።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ የጠጣ ላፕቶፕ ካላችሁ ለእህት ወንድሞቻችሁ ልጆች ላኩላቸው። አሮጌ ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ ለጀማሪ ይበቃል።

ቸር ያሰማን።