መዝገቡ ከመሣሪያው ይቅደም

ንግድ የሚቆመው በመተማመን ላይ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። በሐረር ጁገል ውስጥ በሚገኘው፣ ስሙም በሐረሪ ቋንቋ «ትልቅ ገበያ» ማለት በሆነው በጊደር መጋላ፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ገበያ ሁሉ፣ ዕቃ በዱቤ ለመውሰድ የመጣ እንግዳ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚያስደንቅ አይደለም። የአባትና የአያት ስም የማይታይ ዋስ ነው። የውርስ ክርክር ሲነሣ፣ ቤት ለልጆች ሲከፈል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ወጣት ዘመዶቹን ሲፈልግ፣ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ማን ከማን እንደ ተወለደ የሚናገረው መዝገብ ነው። እንግዲህ የትውልድ መዝገብ ለሐረር ነጋዴ ቤት እንደ ሒሳብ መዝገቡ ያለ ሀብት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከተማዪቱ ጽሑፍን በመጠበቅ የታወቀች ናት። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር በገባ ጊዜ ያየውን የመጽሐፍ ጥረዛ ጥበብ አድንቆ ጽፏል። ዛሬም አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ባቋቋሙት፣ በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ በሚገኘው ሙዚየም፣ በእጅ የተጻፉ ብዙ አሮጌ መጻሕፍት ተጠብቀው ይታያሉ። የጻፏቸውና የጠረዟቸው ሰዎች ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ጽሑፉ ግን ፊደሉንና ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ሁሉ ዛሬም ይነበባል።

ወደ ኮምፒዩተር የገባ መዝገብ ግን ፊደልን በማወቅ ብቻ አይነበብም። የተጻፈበትን ፕሮግራም፣ ፕሮግራሙን የሚያስተናግደውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ይህንንም የሚሸከመውን መሣሪያ ይሻል። ከሦስቱ አንዱ በተለወጠ ጊዜ የአንድ ቤት የሰባት ትውልድ ስም በአንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያ ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ስለ ዋጋው ከመጨነቁ አስቀድሞ ስለ መዝገቡ ሊያስብ ይገባዋል።

ጉዳዩ ዛሬ የሚነሣበት ምክንያት አለ። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 7 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውንም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። መሣሪያዎቹ በዚያ ቀን ሥራቸውን አላቆሙም፤ ነገር ግን ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ አሮጌ ሲስተም ዘበኛው እንደ ተነሣለት ሱቅ መሆኑ አይቀርም። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል ያለው መሣሪያ ስለሚጠይቅ፣ ገና የሚሠራ ብዙ ኮምፒዩተር በደንቡ መሠረት ሊቀበለው አይችልም። በዚህ ምክንያት ብዙ ባለሱቅ አዲስ መሣሪያ መግዛት ግድ ይሆንበታል። በዚያ ጊዜ የሚያጋጥሙት መሰናክሎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው መሰናክል ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሉን ለላቲን በተመደበው ቦታ ላይ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አደራደር ያስቀምጡ ነበር። በዚህ ዐይነት የተጻፈ ስም፣ ያ የፊደል ቅርጽ በሌለበት በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈት፣ አሕመድ የተባሉት አያት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ሆነው ይታያሉ። ስሙ አልጠፋም፤ ቍልፉ ግን ጠፍቷል። ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ይሁን እንጂ ጽሑፉ በየትኛው የፊደል ቅርጽ እንደ ተጻፈ ካልታወቀ ሥራቸው ይሰናከላል። ይህንንም የሚናገረው፣ ለመጣል የታሰበው ያው አሮጌ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል የዘር ሐረግ መመዝገቢያው ፕሮግራም ራሱ ነው። የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ያወጣችውና በብዙ አገር ይሠራበት የነበረው ፐርሰናል አንሴስትራል ፋይል በ2013 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። ይህችው ቤተ ክርስቲያን በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ጌድኮም የተባለ የፋይል ደንብ ግን የዘር ሐረግን ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ማሸጋገሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ያገለግላል። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሮጌ ፕሮግራሞች ፋይሉን ለላቲን ፊደል በተሠራው አንሴል በተባለ ሠንጠረዥ ሊያወጡት ይችላሉ፤ እርሱም የግዕዝንም የዐረብንም ፊደል አይዝም። ዩቲኤፍ 8 የሚለውን የመረጠ ሰው ግን በዩኒኮድ የተጻፉትን ስሞች ከነፊደላቸው ያሻግራል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ጌድኮም 7.0 ይህንኑ ግዴታ አድርጎታል። ፎቶግራፍ ደግሞ በተለመደው የጌድኮም ፋይል ውስጥ አብሮ አይሄድም፤ ፋይሉ የሚይዘው ሥዕሉ የተቀመጠበትን ቦታ ስም ስለ ሆነ፣ ሥዕሎቹ ለብቻቸው ካልተቀዱ አሮጌው ዲስክ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

ሦስተኛው መሰናክል ልማድ ነው። በውጭ አገር ሰዎች ሥርዐት የተሠሩት ፕሮግራሞች የቤተሰብ የጋራ መጠሪያ ይጠይቃሉ። የሐረር ሰው ግን በስሙ ላይ የአባቱን፣ ቀጥሎም የአያቱን ስም ያስከትላል። የአባት ስም በዚያ ቦታ ከተሞላ አያት፣ አባትና ልጅ በማውጫው ላይ ሦስት ልዩ ልዩ ቤተሰብ መስለው ይለያያሉ። የቀን አቈጣጠሩም እንዲሁ ነው። በአንድ ቤት የአያት ልደት በሂጅራ፣ የአባት በኢትዮጵያ፣ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የተወለደው የልጅ ልጅ ደግሞ በአውሮፓ አቈጣጠር ሊጻፍ ይችላል። ጌድኮም 5.5.1 ለሂጅራም ለኢትዮጵያም አቈጣጠር የተለየ ቦታ አልሰጠም። የአቈጣጠሩ ስም ሳይጻፍ የተሻገረ የኢትዮጵያ ዓመት እንደ አውሮፓ ዓመት ከተነበበ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይወልዳል፤ በውርስ ጉዳይ ደግሞ ይህን ያህል ስሕተት ታላቁን ታናሽ ለማድረግ ይበቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀን እንደ ተገኘ፣ ከነአቈጣጠሩ ስም፣ በማስታወሻው ቦታ መጻፍ አለበት።

«አሮጌው ኮምፒዩተር እየሠራ ሳለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አይታጣም። ሐሳቡ ከቍጠባ የመጣ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። አሮጌውን መሣሪያ ከኢንተርኔት አላቅቆ ማቆየት በእርግጥ ጥሩ የጊዜ መግዣ ነው፤ ነገር ግን ዲስክ ያረጃል፤ ባረጀም ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሊቆም ይችላል። ሌላው ደግሞ «ውጭ አገር ያሉት ልጆች በኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ያኖሩታል» ይላል። ይህም መልካም ነው፤ ሆኖም የወር ወይም የዓመት ክፍያ የሚጠይቅ አገልግሎት የኪራይ ቤት ነው እንጂ የራስ ቤት አይደለም። የራሱን ቅጂ በእጁ ያልያዘ ቤተሰብ የመዝገቡ ባለቤት ነኝ ለማለት ያስቸግረዋል።

መፍትሔው ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አሮጌው መሣሪያ ገና ሲነሣ መዝገቡ በጌድኮም ይውጣ፤ ስሞቹም በዩኒኮድ መጻፋቸው ይረጋገጥ፤ ሥዕሎቹ ይቀዱ፤ የፊደሉ ቅርጽና የፕሮግራሙ ስም በወረቀት ይመዝገብ፤ በመጨረሻም ሙሉው ሐረግ ታትሞ ይቀመጥ። ገንዘብ የማይከፈልበት ግራምፕስ የተባለው ፕሮግራም በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ስለሚሠራ፣ አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው እንኳ ሊኑክስን በአሮጌው ላይ አስገብቶ ሊሠራበት ይችላል። ዋናው ነገር አሮጌው ዲስክ የሚጠፋው መዝገቡ በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ከታየ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው።

በዚህ ረገድ ትልቁ ኀላፊነት በኮምፒዩተር ሻጮችና ጠጋኞች ላይ ይወድቃል። ደንበኛው ሳይጠየቅ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ፣ ሰነድ አደራ የተቀበለ ሰው ሰነዱን ሳያነብ እንደ ማቃጠል ይቈጠራል። «በዚህ ውስጥ የቤተሰብ ወይም የሒሳብ መዝገብ አለን?» ብሎ መጠየቅ የሙያው ሕግ ሊሆን ይገባል። የንግድ ምክር ቤቶችም አባሎቻቸው አሮጌ ፋይሎቻቸውን ይዘው የሚመጡበትና በባለሙያ የሚያስገለብጡበት አንድ ቀን ቢመድቡ፣ በጥቂት ድካም ብዙ ሀብት ያድናሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሥራው የሚሠራበት ጊዜ አሁን ነው። ኮምፒዩተር በከርሞም ይገዛል። በመዝገቡ ላይ የተበላሸውን ስም አይተው «ይህ የእገሌ ልጅ ነው» ብለው የሚያቀኑት ሽማግሌ ግን በከርሞ ላይገኙ ይችላሉ።