ባደንን ማን ቆጠረው?

የፌዴራሊዝም ክርክር በተነሳ ቁጥር «ባደን-ቩርተምበርግን እዩ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለት ግዛቶች በሕዝብ ድምፅ ተዋሃዱ፣ በለጸጉ፣ አለቀ። እኔ ይህን ተረት አልቀበልም።

ባደን ከኮንስታንስ ሐይቅ ተነስቶ ራይንን ይዞ እስከ ማንሃይምና ከዚያም አልፎ የተዘረጋ ረጅም፣ ቀጭን አገር ነበር። በስተምሥራቁ ቩርተምበርግ አለ። ሁለቱም ከናፖሊዮን ዘመን ጀምሮ በየራሳቸው ገዢ የኖሩ ናቸው። በ1945 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካኖች ከካርልስሩኸ ወደ ኡልም የሚወስደው አውቶባን በእጃቸው እንዲሆን ፈለጉ። ስለዚህ የሁለቱንም ግዛቶች ሰሜን እነሱ ያዙ፣ ደቡቡ ለፈረንሳይ ደረሰ። አንድ አውራ ጎዳና ሁለቱንም ለሁለት ገመሳቸው!

ዲሴምበር 9 ቀን 1951 ሕዝቡ ስለ ውህደቱ ተጠየቀ። የደቡብ ባደን መሪ ሌዮ ቮሌብ ድምፁ በጥንቶቹ ግዛቶች ተለይቶ ይቆጠር ብለው ተሟግተው ነበር። አልሆነም። ቆጠራው በአራት ቀጠና ተከፈለ፣ በሦስቱ ማሸነፍ ይበቃል ተባለ። ደቡብ ባደን እምቢ አለ፣ ሦስቱ እሺ አሉ፣ ተዋሃዱ። የሰሜንና የደቡብ ባደን ድምፅ ሲደመር ግን 52 በመቶው ውህደቱን አልፈለገም። ለመንገድ ሲባል የተሰመረው መስመር የባደንን መልስ ገለበጠው ማለት ነው።

በ1956 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት የባደን ሕዝብ እንደገና የመጠየቅ መብት አለው አለ። የተጠየቀው መቼ ነው? በ1970! ያኔ 81.9 በመቶው በውህደቱ እንቀጥል አለ።

«ታዲያ ምን ቀረ?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ቀርቷል እንጂ! በ1952 ክልሉ ሲመሠረት መቀመጫው ሽቱትጋርት ሆነ፤ በ18 ዓመት ውስጥ ቢሮው፣ ሕጉ፣ በጀቱ ሁሉ እዚያ ሥር ሰደደ። በ1951 ጥያቄው «ትዋሃዳለህ?» ነበር። በ1970 «የለመድከውን ታፈርሳለህ?» ሆነ። የሁለተኛው መልስ የመጀመሪያውን በደል አያጥበውም። ዘግይቶ የመጣ ድምፅ ልማድን ይለካል።

ዛሬ ክልሉ ይፍረስ አልልም፤ ባለቤቶቹ ተስማምተውበታል። ግን ይህን ታሪክ የንጹሕ ሕዝበ ውሳኔ ምሳሌ አድርጋችሁ አትሽጡልን። «ሕዝቡ ወሰነ» ስትባሉ ከመቶኛው በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የተቆጠረው በማን ካርታ ነው?