ንጉሡን ስናነጻ የምንከሰው ሕዝብ

«አፄ ቴዎድሮስ በፊልም ሲቀርቡ ቁጣቸውና ጭካኔያቸው ሊታይ አይገባም» የሚሉ ወገኖች ሐሳባቸው ከአክብሮት የመነጨ ነው፤ ይህን አልክድም። ሙግታቸው በሁለት ምክንያቶች ላይ ይቆማል፦ ድክመትን ማሳየት ክብርን ያዋርዳል፤ ታሪካችንን ለሚያጣጥሉም ስንቅ ያቀብላል። ሁለቱም ሲመረመሩ አይጸኑም።

ሁለተኛውን ላስቀድም፤ መልሱ አጭር ነው። የንጉሡን ጭካኔ አለቃ ወልደ ማርያም በዜና መዋዕላቸው አልሸሸጉትም። መቅደላ ታስረው የነበሩት ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክና የእንግሊዝ መልእክተኛው ሆርሙዝድ ራሳምም ከተፈቱ በኋላ መጻሕፍት አሳትመዋል። እኛ ዝም ስንል በውጭ አገር የሚሰማው ምስክር የእስረኞቹ ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያው ምክንያት ግን ከባድ የአመክንዮ ስሕተት አለበት። በ1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ መሳፍንቱን ያንበረከኩት ንጉሥ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ለምን ከጥቂት ታማኞች ጋር ቀሩ? መልሱ ያለው በድክመታቸው ውስጥ ነው፦ ከካህናቱ ጋር በመሬት የተነሣው ጠብ፣ የጳጳሱ የአቡነ ሰላማ እስራት፣ በ1859 የጎንደር መቃጠል። እነዚህን ከፊልሙ ብናወጣ ለተመልካች የሚቀርለት ማብራሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ሕዝቡ ከዳተኛ ነበር የሚለው። የእንግሊዙን ጦር አዛዥ ናፒየርን ያሳለፉት የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ፣ ለጦሩ በጠገራ ብር እህልና ሣር የሸጠው ገበሬ፣ ሁሉም ያለምክንያት አገር የሸጡ ይመስላሉ። ንጉሡን ለማንጻት የተከሰሰው አንድ ሰው ሳይሆን አገር ሙሉ ሕዝብ ነው። ይህን አክብሮት ብዬ ልጠራው አልችልም።

«ፊልም እንደ መጽሐፍ አይደለም፤ ምስሉ ከአእምሮ አይጠፋም» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ከእሱ የሚከተለው ግን ምክንያቱንም ውጤቱንም አሟልቶ የማሳየት ግዴታ እንጂ መደበቅ አይደለም። የመጨረሻውን ሳምንት ተመልከቱ፦ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ከመቅደላ ገደል ተወረወሩ፤ ፈረንጆቹ እስረኞች ተለቀቁ፤ ለናፒየር የፋሲካ ከብት ተላከ፤ በመጨረሻም ንጉሡ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። አንዱን ነቅለው ቢጥሉት ሌላው ትርጉሙን ያጣል።

ከገደሉ የተወረወሩት እስረኞችም የዚህችው አገር ልጆች ናቸው። ትዕይንቱ ከተቆረጠ ለእነሱ የሚያለቅስ የለም።